ከሶዶ ወደ በዴሳ፤ ስለ ከብት ነጂዎች ዘፈንና ስለ አንድ የሸክላ ሣጥን

በዴሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በምዕራብ ሐረርጌ ያለችውን በዴሳ ነው። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ግን ስለ ወላይታዋ በዴሳ ነው። ይህች ከተማ ከወላይታ ሶዶ በስተምሥራቅ የምትገኝ፥ የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሀላባ ቁሊቶ፥ ከዚያም በቦዲቲ በኩል ሶዶ የገባ መንገደኛ የዳሞታን ተራራ ከበስተኋላው ትቶ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፥ ነፋሱ ከደጋ ወደ ቆላ እየተለወጠ መሄዱን በፊቱ ላይ ያውቀዋል። መሬቱ ቀይ ነው። በየጓሮው እንሰቱ እንደ አጥር ቆሞ ቤቱን ይጋርደዋል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡናውና ቦዬው፥ ከዚያ ወዲያ በቆሎውና ስኳር ድንቹ ይታያል። በሩቁም ወደ አባያ ሐይቅ የሚፈስሰው የብላቴ ወንዝ ሜዳ ተዘርግቷል።

የሄድንበት ጉዳይ ግን አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። በሶዶ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን፥ «በበዴሳ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ በቤታቸውም የአሜሪካ ከብት ነጂዎች፥ ማለት የካውቦዮች፥ ዘፈን ያለበት የቆየ ሸክላ በሣጥን ተቀምጧል» ብለው ስለ ነገሩን፥ ይህንኑ በዓይናችን አይተን በጆሮአችን ሰምተን ለመመለስ ነው። ሸክላ ማሰባሰብ የታላላቅ ከተሞች ሰዎች ሥራ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው፥ በብላቴ ማዶና ማዶ ከብት በሚጠበቅበት አገር እንዲህ ያለ ሣጥን መገኘቱ ሳያስገርመው አይቀርም።

የደረስንበት ጊዜ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው የጊፋታ በዓል በመስከረም ስለሚከበር፥ በዚህ ሰሞን የሰው ሁሉ ወሬ ሰንጋ ነው። የማን በሬ ወፈረ፥ የማን ማኅበር ገንዘቡን አሟልቶ ገዛ፥ ዋጋውስ የት ደረሰ ይባላል። ወላይታ ከጥንት ጀምሮ ከብት አክባሪ ሕዝብ ነው፤ በቀድሞው ሥርዓት ከብቱ መቶ ለሞላለት ሰው የክብር ሥርዓት ይደረግለት ነበር። ሰንጋውንም የሚያደልበው በሜዳ ለቆ አይደለም። ከቤቱ አስሮ፥ ሣሩን አጭዶ፥ የስኳር ድንቹን ሐረግና እንሰቱን ቆራርጦ በእጁ ያጎርሰዋል። በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች «የወላይታ ሰንጋ» ተብሎ በኩራት የሚጠራው ሥጋ ከዚህ ትጋት የተገኘ ነው። (በዳጣ ያልበላው ሰው ግን ገና በላሁ አይበል።)

እንግዲህ የአሜሪካው ካውቦይ ከዚህ ገበሬ ጋር በከብት ፍቅር ቢመሳሰል፥ በኑሮው ግን እጅግ የተለየ ነው። ካውቦይ ማለት በሺህ የሚቆጠር የሌላ ሰው ከብት በፈረስ ሆኖ ከቴክሳስ አገር እስከ ካንሳስ የባቡር ጣቢያ ድረስ በወራት ጉዞ የሚነዳ ደመወዝተኛ ነበረ። ይህ ሥራ የበረታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በአቢሊን ከተማ የከብት ገበያ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ባቡሩ ወደ ደቡብ ስለ ዘለቀና እሾሃማው ሽቦ ሜዳውን ስላጠረው ቀረ። ከነጂዎቹ መካከል ከአራት አንዱ ያህል ጥቁሮች እንደ ነበሩ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ፤ በሲኒማው ግን ይህን የሚያሳይ ጥቂት ነው።

ካውቦዮች ሌሊት ተራ ገብተው ከብቱን ሲጠብቁ፥ መንጋው በመብረቅ ወይም በኮሽታ ደንግጦ እንዳይበረግግ በለሆሳስ ይዘፍኑለት ነበር። ከዚህ የተነሣ ዘፈናቸው ዘለግ ያለና ታሪክ የሚናገር ሆነ። ነጂው እንዴት እንደ ሞተ፥ እናቱ እንዴት እንደ ጠበቀችው፥ ውሃ የጠማው ሰው በበረሃ ምን እንዳየ ይተርካል። የከብት ጉዞው ካለፈ በኋላ ጆን ሎማክስ የሚባል የቴክሳስ ሰው እየዞረ እነዚህን ዘፈኖች ሰበሰበ፤ በ1910 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ፤ አንዳንዱንም በሰም ጥቅልል ላይ ቀረጸው። በ1925 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ካርል ስፕራግ የተባለ ሌላ የቴክሳስ ሰው ለቪክተር ኩባንያ አንድ የከብት ነጂ ዘፈን በሸክላ አስቀርጾ እጅግ ተሸጠለት። የዘፈኑም ታሪክ፥ የመኸሩ ሥራ እንዳለቀ ወደ እናቱ ሊመለስ አስቦ ሳለ በበረገገ መንጋ እግር ሥር ወድቆ ስለ ሞተ ልጅ ነው።

ስለ ሸክላም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ድምፅን በመሣሪያ ማኖር የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ የሰላምታ ቃል በሰም ጥቅልል ቀርጻ ልካለች፤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓይነት ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ሰጥተዋል። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማር ወደ ጀርመን አገር የተላከው የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባለው፥ በዚያው አገር ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። የዚያ ዘመን ሸክላ ከነፍሳት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የሚሠራ፥ ሲወድቅ እንደ ገንቦ የሚሰባበር ስለ ነበረ «ሸክላ» የሚለው ስም ያለ ምክንያት የወጣለት አይመስለንም። በ1948 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቪኒል ከሚባለው ነገር የሚሠራው ረጅም ሸክላ ሲወጣ የማይሰበር ሆነ፤ እኛ ዘንድ ግን ስሙ ሸክላ እንደ ሆነ ቀረ።

መምህሩ ቤታቸው ስንደርስ በደጃፋቸው ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ቡናው ተፈልቶ ሙቿ ቀርቦ፥ እኛም ከበላን ከጠጣን በኋላ፥ ሣጥኑ ከጓዳ ወጣ። ማጫወቻው ክዳኑ ድምፅ ማውጫ የሆነ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቋርጥም፤ በዚያም ቀን መብራቱ ጠፍቶ ነበርና ጥቅሙን አየን። በሣጥኑ ውስጥ አርባ አንድ ሸክላ ቈጠርን። ሃያ ዘጠኙ የአማርኛና የሌላ ዓይነት ዘፈን ሲሆኑ፥ የቀሩት አሥራ ሁለቱ የካውቦይና የምዕራብ አሜሪካ ናቸው።

የአሥራ ሁለቱን አመጣጥ መምህሩ እንዲህ አስረዱን። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ከዚያ በኋላ ከመጡት አንዱ የእርሳቸው የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ። ይህ ሰው በእሑድ እሑድ ተማሪዎቹን በደጁ ሰብስቦ ሸክላ ያሰማቸዋል፤ ቃሉንም በጥቁር ሰሌዳ እየጻፈ ያስተምራቸዋል። ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃው ስለ ከበደበት ማጫወቻውንና ሸክላዎቹን ለዚህ ተማሪ ተወለት። «እንግሊዝኛን የተማርሁት ከከብት ነጂዎች ነው» ብለው መምህሩ ሳቁ። «መርማሪ መጥቶ ፈተና ሲሰጠን፥ ስለ ፈረስና ስለ ኮርቻ ቢጠይቀኝ ኖሮ አንደኛ እወጣ ነበር።»

ከሁሉ የሚወዱትን አወጡልን። ይህ ማርቲ ሮቢንስ በ1959 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ለኮሎምቢያ ኩባንያ የዘፈነው፥ የተኳሾችና የከብት ጉዞ ዘፈኖች የተሰበሰቡበት ረጅም ሸክላ ነው። ሮቢንስ በአሪዞና በረሃ አጠገብ የተወለደ ሲሆን፥ የካውቦይን ተረት በልጅነቱ የሰማው ከእናቱ አባት ነው ይባላል። ሙሉውን ሸክላ በናሽቪል ከተማ በአንድ ቀን ቀርጾ ጨርሶታል። ከውስጡ ስለ ኤል ፓሶ ከተማ የሚናገረው ዘፈን በዚያ ዘመን ልማድ ከሆነው ከሦስት ደቂቃ በላይ ተራምዶ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል የሚረዝም ሲሆን፥ ራዲዮኖች «ረዘመ» ሳይሉ አሰሙት። ሰብሳቢዎች የፊተኛውን እትም የሚለዩት በመካከሉ በተለጠፈው ወረቀት ዙሪያ በታተሙት ስድስት የዓይን ምልክቶች ነው። የመምህሩ ሸክላ ስድስቱም ዓይን አለው። በአሜሪካ አገር ግን ብዙ ስለ ታተመ እምብዛም ዋጋ አያወጣም።

መርፌው ሲያርፍበት እንደ ሽሮ ፍልቅልቅ የሚል ድምፅ ቀደመ፤ ከዚያም ጊታሩ መጣ። መምህሩ የሚወዱት ተኵስ ያለበትን ሳይሆን፥ በበረሃ ውሃ የጠማው ሰውና በቅሎው ውሃ የሚመስል ነገር በሩቁ እያዩ የሚሄዱበትን ነው። «ይህን የጻፈው ሰው ብላቴን በበጋ ያየ ይመስለኛል» አሉን። በልጅነታቸው በበጋ ከብት ይዘው ወደ ቆላ ይወርዱ እንደ ነበረና፥ በቀትር ሜዳው ላይ ሐይቅ የሚመስል ነገር ታይቷቸው ከብቱን ወደዚያ እየነዱ ጥጃ እንደ ጠፋባቸው ነገሩን። እኛ ይህንን ሰምተን ዝም አልን፤ ዘፈኑም አለቀ።

አሁን ወደ ጭንቁ ነገር እንመጣለን። እኛ ከመድረሳችን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ወደዚህ ቤት መጥቶ ነበር። ነጋዴው ሣጥኑን ገልጦ ካውቦዮቹን አንድ በአንድ ወደ ጎን አስቀመጣቸው፤ የፈለገው በወረቀቱ ላይ «ኤ ኢ» የሚል ፊደልና ቍጥር ያለባቸውን ትናንሽ የአማርኛ ሸክላዎች ብቻ ነው። ፊደሉ የዐምሃ እሸቴ ስም መነሻ ነው። ዐምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ የሐራምቤ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበረ። የሸክላ ማሳተም ሥራ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ ሳለ፥ እርሱ በ1961 ዓ.ም. ይህን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነው፤ ኅትመቱም በውጭ አገር፥ በመጀመሪያ በሕንድ፥ ተሠራ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መቶ የሚያህሉ ትናንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ረጃጅሞችን አወጣ፤ ከዚያም የአገሩ ሁኔታ ስለ ተለወጠ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ዐምሃም አለማየሁም በአንድ ዓመት በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ካይፋ የተባለው ሌላው አሳታሚ እስከ 1970 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ ካወጣ በኋላ የቴፕ ክር ሥራውን ሁሉ ወሰደው። ከዚያ ዘመን የተረፈውን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ እያሳተመ ለዓለም ካስታወቀው ወዲህ፥ የአውሮፓና የጃፓን ሰብሳቢዎች ዋናውን ሸክላ በብዙ ገንዘብ ይፈልጉታል።

መምህሩ እነዚህን ሸክላዎች የገዙት በወጣትነታቸው፥ ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው። ያን ጊዜ የገበያ ዕቃ ነበሩ፤ የነጩ መምህር ስጦታ ግን በበዴሳ ቀርቶ በሶዶም የማይገኝ ነበረ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በአሜሪካ ርካሽ የሆነው ለእርሳቸው ብርቅ ሆኖ ኖረ፤ ለእርሳቸው ተራ የነበረው በውጭ አገር ብርቅ ሆነ። ነጋዴው ለዘጠኙ የዐምሃ ሸክላዎች የአንድ ሰንጋ ዋጋ አቀረበ። ይህ በዚያ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የመምህሩ የልጅ ልጅ በሶዶ የጤና ትምህርት ጀምራ የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ወጪ ያስፈልጋት ነበርና።

በዚህ ጉዳይ ቤተ ሰቡ ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው። የመምህሩ ባለቤት፥ «አባባ፥ ዘፈኑ በልጆቹ ስልክ ውስጥ ሞልቶ የለምን? ሸክላው ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እኛም ይህ ክርክር ባዶ ነው አንልም። ድምፁ ከተገለበጠ በኋላ የሚቀረው ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ ይሸጣል። ልጅቱ ግን ወጪው የእርስዋ ሆኖ ሳለ አትሽጡ ባይ ናት። እርስዋ ስለ ሸክላ ዋጋ ሳይሆን ስለ አያቷ እጅ ነው የምትናገረው። «አባባ ሸክላ ሲያወጡ እጃቸውን ታጥበው ነው፤ ለሌላ ነገር እንዲያ ሲጠነቀቁ አይቻቸው አላውቅም» አለችን።

መምህሩ ለነጋዴው የሰጡት መልስ፥ «ከገዛህ ሣጥኑን እንዳለ ግዛ፤ ከብት ነጂዎቹን ትተህ አትሂድ» የሚል ነው። ነጋዴው አሥራ ሁለቱ ሸክም እንጂ ትርፍ እንዳልሆኑ ተናገረ። ዋጋ ጨመረ፤ እርሳቸውም ያንኑ ቃል ደገሙለት። በመጨረሻ እስከ ጊፋታ ገበያ እንዲያስቡበት ቀን ሰጥቷቸው ሄደ። እኛ የደረስነው በዚህ ቀነ ቀጠሮ መካከል ነው።

ሣጥኑን ስናገላብጥ ያየነው ነገር ለብዙ ቤት ስለሚጠቅም እዚህ ላይ እንጽፈዋለን። ሸክላዎቹ ብዙ ዘመን በጓዳ ተነባብረው፥ በላያቸውም የእህል ከረጢት ተጭኖባቸው ኖረዋል። ከዚህ የተነሣ ሁለቱ እንደ ምጣድ አክንባሎ ጎብጠዋል። ሸክላ ተጋድሞ መቀመጥ የለበትም፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ፥ ሳይጨናነቅ ይቁም። ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፤ ቪኒል ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳልና። አቧራውን ለማጥራት ንጹሕ ውሃ፥ ቢበዛም ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ያለበት፥ በለስላሳ ጨርቅ በዙሪያው መንገድ ተከትሎ ማበስ ይበቃል፤ የመካከሉ ወረቀት ግን እንዳይርስ። በጥንታዊው፥ በሚሰበረው ዓይነት ሸክላ ላይ አልኮል ያለበት ነገር ማፍሰስ ሙጫውን ስለሚያሟሟው ፈጽሞ አይገባም። ያረጀ መርፌ እንደ ደነዘዘ ማረሻ ነው፤ ሲጎተት ትልሙን ያበላሸዋል። ፍጥነቱም እንዲሁ መታወቅ አለበት፦ የጥንቱ በደቂቃ 78 ጊዜ፥ ትንሹ 45 ጊዜ፥ ረጅሙ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ልጅ ማርቲ ሮቢንስን በ45 አዙሮ እንደ ጫጩት ሲያስጮኸው መምህሩ አንድ ጊዜ ተቈጥተው ያውቃሉ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። መምህሩ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ሲያጎርሱት የኖሩትን ዳለቻ ሰንጋ ከጓሮ አስወጡ። ይህ በሬ ለገበያ ሳይሆን ለበዓሉ ቅርጫ ታስቦ የነበረ መሆኑን ባለቤታቸው ስለ ነገሩን ነገሩ ገባን። ጠዋት የሄደው በሬ ከቀትር በፊት ተሸጠ፤ ገንዘቡም ከመምህሩ ኪስ ሳያድር ወደ ልጅቱ ኪራይ ሄደ። ወይዘሮዋ በዚያ ቀን ብዙም አልተናገሩም። በጊፋታ ዕለት ከጎረቤት ቅርጫ ጥቂት መደብ እንደሚገቡ ተነጋገሩ፤ ለዚህ ቤት ይህ ትንሽ ውርደት እንዳልነበረ መሰወር አይገባንም። ነጋዴው ሲደውል መምህሩ ስልኩን ለልጅቱ ሰጧት፤ እርስዋም በአክብሮት «አልተሸጠም፤ ጋሼ» አለችው።

ወደ ማታ፥ ከሣጥኑ ውስጥ በወላይትኛ የተዘፈነ አንድ እንኳ እንዳላገኘን ለመምህሩ ነገርናቸው። «የአሜሪካን ከብት ጠባቂ ዘፈን የሚያሳትም ኩባንያ ነበረ፤ የእኛን ማን ያሳትመው ነበር?» ብለው መለሱልን። ይህን ሲናገሩ ቅሬታ አልነበራቸውም፤ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው። ጥቂት ቆይቶ የጎረቤት ልጅ ከታች ከሜዳው ከብት ይዞ መጣ፤ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ፥ አንዱን እያመሰገነ አንዱን እየወቀሰ ያዜም ነበር። ቀስ ብሎ ያዜማል፤ በሬዎቹም በእርሱ ልክ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። መምህሩ በምልክት አስቆሙትና በእጅ ስልካችን እንድንቀርጸው ጠየቁት። ልጁ ሰው ሲያየው አፍሮ ዝም አለ። ልጅቱም «ፊታችሁን አዙሩለት» አለችን፤ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ወደ እንሰቱ ዞርን። ያን ጊዜ ዘፈነ። ቀረጻው ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ይሆናል፤ በመካከሉ አንዱ በሬ ያስነጥሳል፥ ከሩቅም ሞተር ብስክሌት ይሰማል።

ከመለየታችን በፊት የአርባ አንዱን ሸክላ ስም፥ የዘፋኙን ስም፥ የአሳታሚውን ፊደልና ቍጥር በሁለት ወረቀት ገልብጠን አንዱን ይዘን፥ ሁለተኛውን በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጠፍንላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያም ብዕር አምጡልኝ ብለው ከአርባ አንደኛው በታች «42» ብለው ጻፉና የጎረቤቱን ልጅ ስም ጨመሩበት።